አመላካቾቻችን ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ድርጅቱ ግን ገንዘብም ደንበኛም እያጣ ነው። የምንለካው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ካርቶን አምራች

ሰላም ለሁላችሁም። የማሸጊያ ካርቶን የሚያመርት መካከለኛ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ ኃላፊነቱን ከተረከብኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ከእኔ በፊት የወሩ መጨረሻ ስብሰባ የሚመራው ድምፁ ከፍ ባለ የክፍል ኃላፊ ትረካ ስለነበር፣ መጀመሪያ ከሠራኋቸው ሥራዎች አንዱ አፈጻጸማችንን በቁጥር የምንከታተልበት ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ 22 ቁልፍ የአፈጻጸም አመላካቾች አሉን። እያንዳንዱ ክፍል በየወሩ ቁጥሩን ያስገባል፤ ግቡን የመታው አረንጓዴ፣ የተቃረበው ቢጫ፣ የራቀው ቀይ ይቀባል።

ባለፈው ሩብ ዓመት ከ22ቱ 19ኙ አረንጓዴ ነበሩ። የተጣራ ትርፋችን ከዓምናው ተመሳሳይ ወቅት በ11 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ማሽኖቻችን ሥራ ፈትተው የሚውሉበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ በወቅቱ የማስረከብ ምጣኔያችንም 97 በመቶ ነው። በዚሁ ሩብ ዓመት ግን ደመወዝ ለመክፈል ሁለት ጊዜ ከባንክ ኦቨርድራፍት (በሂሳባችን ካለው በላይ የሚወጣ ብድር) ወስደናል፤ ከትልልቅ ደንበኞቻችንም ሁለቱ ጥለውን ሄደዋል። አንደኛው ሲሰናበተኝ «ዕቃችሁ ጥሩ ነው፤ ቀናችሁ ግን አይታመንም» አለኝ። 97 በመቶ የሚለውን ወረቀት አውጥቼ ልከራከረው ቃጣኝና ተውኩት።

የዳይሬክተሮች ቦርዱ በሁኔታው ተጨንቆ አማካሪ ቀጥሯል። አማካሪው ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው፦ ሠንጠረዡን በሚዛናዊ የውጤት ካርድ መልክ (ከገንዘብ ቁጥር ጎን የደንበኛን፣ የውስጥ አሠራርንና የመማማርን አመላካቾች አብሮ በሚያሳይ መልክ) እንደገና ማደራጀት፣ ከዚያም የኃላፊዎችንና የሠራተኞችን ጉርሻ ከውጤቱ ጋር ማሰር ነው። የመጀመሪያው ያስማማኛል፤ ሁለተኛው ግን ለምን እንደሆነ በውል ሳላውቀው ያስፈራኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ቁጥሮቹ እንዲህ ሊያሳስቱን የቻሉት በምን ምክንያት እንደሆነና ከየት ብጀምር እንደሚሻል ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ከሂሳብ ክፍል

ያቀረቡት ጉዳይ ሁለት ሕመሞች አሉበት፤ አንዱ የገንዘብ፣ ሌላው የደንበኛ ነው። እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ስለሆነ በእሱ ላይ ብቻ እቆያለሁ።

ትርፍ አድጎ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ስርቆትን ነው። ኦዲት ማስደረግ አይከፋም፤ ሆኖም በአምራች ድርጅት ውስጥ ማንም ሳይሰርቅና ማንም ሳይዋሽ የሂሳብ አያያዙ ራሱ ይህንን ውጤት ሊያመጣ ይችላል። «ማሽኖቻችን ሥራ ፈትተው አይውሉም» ያሉት ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆም ያልኩትም ለዚህ ነው።

የቤት ኪራይ፣ የማሽን እርጅና፣ የተቆጣጣሪዎች ደመወዝና የመሳሰሉት ቋሚ የማምረቻ ወጪዎች በተመረተው ዕቃ ላይ ይከፋፈላሉ። ዕቃው ሲሸጥ ድርሻው ወደ ወጪ ይሄዳል፤ ሳይሸጥ መጋዘን ከቀረ ግን ድርሻው ከእሱ ጋር እንደ «ሀብት» ተመዝግቦ ይቀመጣል። የወሩ ቋሚ ወጪ 1000 ነው እንበል። 100 ጥቅል አምርታችሁ 100ውንም ብትሸጡ እያንዳንዱ ጥቅል 10 ይሸከማል፤ ሺውም በዚያው ወር ወጪ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ሽያጩ ያው 100 ሆኖ ሳለ 125 ብታመርቱ ግን የአንዱ ድርሻ ወደ 8 ይወርዳል፤ ወጪ ሆኖ የሚመዘገበው 800 ብቻ ይሆናል፤ ቀሪው 200 ደግሞ ካልተሸጡት 25 ጥቅሎች ጋር መጋዘን ይገባል። አንድም ተጨማሪ ደንበኛ ሳይመጣ ትርፋችሁ በ200 አደገ ማለት ነው፤ ለተጨማሪዎቹ ጥቅሎች የተገዛው ወረቀትና ሙጫ ግን ገንዘቡ ከባንክ ወጥቷል። ለውጭ አካል በሚቀርብ ሪፖርት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችም ቋሚ የማምረቻ ወጪ ወደ ክምችት ዋጋ እንዲገባ ስለሚያዝዙ የሂሳብ ሹማችሁ ያጠፋው ነገር የለም። ጥፋቱ የማሽን አጠቃቀምን አረንጓዴ የሚያደርግ አመላካች ሰቅሎ የክምችትን መጠን የሚያሳይ አለመስቀል ነው፤ የምርት ክፍሉ የተነገረውን ነው ያደረገው።

ይህንን ለማረጋገጥ ሦስት ቁጥሮች ይበቁዎታል፦ ክምችት በአማካይ ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ደንበኛ ከተረከበ በኋላ በስንት ቀን ይከፍላል፣ እናንተስ ለአቅራቢ በስንት ቀን ትከፍላላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደምረው ሦስተኛውን ሲቀንሱ ገንዘባችሁ ከኪሳችሁ ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ያገኛሉ። ለምሳሌ ዓምና ክምችቱ 45፣ ተሰብሳቢው 40፣ ተከፋዩ 30 ቀን ከነበረ ዑደቱ 55 ቀን ነው። ዘንድሮ ክምችቱ 70፣ ተሰብሳቢው 62 ደርሶ ተከፋዩ ባለበት 30 ላይ ከቀረ 102 ቀን ይሆናል። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ነው፤ በወርኃዊ ስብሰባ ደግሞ ያንን ገጽ የሚገልጠው ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዶናልድሰን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በኢንቨስትመንት ላይ የሚገኘውን ትርፋማነት ለሁለት ከፍሎ አሳይቶ ነበር፤ አንዱ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚተርፈው መቶኛ ሲሆን ሌላው ሀብቱ በዓመት ስንት ጊዜ ተገላብጦ ሽያጭ እንደሚያመጣ ነው። የሁለቱ ብዜት ውጤቱን ይሰጣል። 8 በመቶ ትርፍ በ2 ጊዜ መገላበጥ 16 በመቶ ሲያመጣ፣ 9 በመቶ ትርፍ በ1.4 መገላበጥ የሚያመጣው 12.6 ብቻ ነው። ከሽያጭ የሚተርፈው አድጎ ባለቤቱ የሚያገኘው ቀነሰ ማለት ነው። የእርስዎ 11 በመቶ ዕድገትም ከዚህ ወገን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

መልስ 2፦ የቀድሞ የምርት ኃላፊ

ከላይ የተሰጠው የሂሳብ ማብራሪያ የሚጨመርበት የለውም። እኔ ስለ 97 በመቶው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «በወቅቱ» የተባለው ከየትኛው ቀን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

በአንድ ትዕዛዝ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀኖች አሉ። ደንበኛው ዕቃውን የፈለገበት ቀን አለ፤ እናንተ መጀመሪያ ቃል የገባችሁበት ቀን አለ፤ አሁን በሲስተሙ ላይ ተጽፎ የሚታየው ቀን አለ። ብዙ ድርጅቶች የሚለኩት ሦስተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ በቀላሉ የሚያወጣው እሱን ነው።

ለብዙ ዓመታት የብረት ክፍሎች በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዕቃ ማስረከብ ሠራተኛችን በሚቀጥለው ሳምንት የሚደርሱትን ትዕዛዞች ዝርዝር ከፍቶ ስልክ ይደውል ነበር። «የሰኞው ለረቡዕ ቢዛወር ይከፋዎት ይሆን?» ይላል፤ ደንበኛው ምን አማራጭ አለው? «እሺ» ይላል። ልጁም እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰዶ ሰኞን ወደ ረቡዕ ይለውጣል። ረቡዕ ጭነቱ ሲወጣ ሲስተሙ «በወቅቱ» ብሎ ይመዘግባል። ከ5,000 ፍሬ 400 ብቻ ተጭኖ ሲወጣም ትዕዛዙ «ተረክቧል» ይባል ነበር፤ ቀሪው በሌላ ቁጥር እንደ አዲስ ትዕዛዝ ይከፈታል። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር ጨዋነት ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ጨዋነትም ነው። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ያህል በዚያ ቁጥር ስኮራ ኖርኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርለስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ለቁጥጥር ሲባል ጫና ያረፈበት ስታቲስቲካዊ ግንኙነት እንደሚፈርስ ጠቁሞ ነበር። በኋላ ሜሪሊን ስትራተርን የተባለች አንትሮፖሎጂስት ሐሳቡን አሳጥራ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ያበቃል በሚል መልክ አስቀመጠችው፤ ዛሬ የሚጠቀሰውም በዚህ መልኩ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ «ስለዚህ መለካት ከንቱ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ይሮጣል። እኔ አልስማማም። የኮምፒዩተር ቺፕ አምራቹ የኢንቴል ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንድሩ ግሮቭ መለኪያዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መስቀልን ይመክር ነበር፤ የክምችትን መጠን የምትለካ ከሆነ አጠገቡ ዕቃ ያለቀበትን ጊዜ ብዛት አኑር ይላል፤ አንዱን ለማሳመር ሲባል ሌላው ቢበላሽ ወዲያው ይታያልና። በእናንተ ዘንድ የማሽን አጠቃቀም ብቻውን መሰቀሉ ነው ጉዳት ያደረሰው፤ ጎኑ ላይ ያልተሸጠ ምርት ቀናት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የምርት ኃላፊው ራሱ ማሽኑን ያቆመው ነበር።

አሁን የማደርገው ይህንን ነው፦ ቃል የተገባበት የመጀመሪያ ቀን አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማንም እንዳይነካው ይቆለፋል፤ ለውጥ ካለ በሌላ አምድ ይጻፋል። ሙሉ መጠኑ ካልደረሰ አልደረሰም። ደንበኛው ካንቀሳቀሰው ደግሞ ያ ለብቻው ይመዘገባል፤ የእኛ ጥፋት አይደለምና። ጠያቂው የባለፈውን ሩብ ዓመት ትዕዛዞች በዚህ መንገድ ደግመው ቢቆጥሩ የሄዱት ደንበኞች ምን እንዳዩ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ካርቶን አምራች (ጠያቂው)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አጣራሁ።

የመጋዘን ኃላፊዋን ይዤ መደርደሪያዎቹን ዞርኩ። ማንም ያላዘዛቸው መደበኛ መጠን ያላቸው ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ጥቅል ከታች እርጥበት መትቶታል። «ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ነው» አለችኝ፤ ስትናገር የእኔን ቃል እየደገመችልኝ መሆኑን ሳውቅ ደነገጥሁ። የክምችት ቀናችን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ38 ወደ 66 ወጥቷል።

በሩብ ዓመቱ ከነበሩት 120 ትዕዛዞች ውስጥ የ41ዱ ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀይሯል፤ ከእነዚህ ደንበኛው ራሱ ያስቀየረው 6ቱን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቃላችን መሠረት ስናሰላው በወቅቱ ያስረከብነው ከ97 ወደ 68 በመቶ ወረደ። «ቀናችሁ አይታመንም» ያለኝ ደንበኛ ካዘዛቸው 9 ትዕዛዞች አምስቱ ቀናቸው ከተቀየሩት ውስጥ ነበሩ።

ለቦርዱ ይህን ማቅረብ አለብኝ። ግን አሁን አንድ ነገር አስጨነቀኝ፦ እውነተኛውን ቁጥር ካወጣሁ ሠንጠረዡ ቀይ በቀይ ይሆናል፤ በየወሩም አንዱን የክፍል ኃላፊ «ለምን ወደቀ?» እያልኩ ማስጨነቄ ነው። አማካሪው ደግሞ ጉርሻ ይታሰርበት ይላል።

መልስ 3፦ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ

«ለምን ወደቀ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መመርመር ያለበት ይመስለኛል። አንድ ወር 4.6 በመቶ ብክነት ተመዘገበ፣ በቀጣዩ 3.7 ሆነ እንበል። ኃላፊው በመጀመሪያው ወር ይወቀሳል፤ በሁለተኛው ይመሰገናል። በሁለቱ ወራት መካከል ግን በሥራው ላይ አንዳች ነገር ላይለወጥ ይችላል፤ ቁጥር በተፈጥሮው ይዋዥቃል።

አሜሪካዊው የጥራት ቁጥጥር ሊቅ ዋልተር ሼዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 የቁጥጥር ሰንጠረዥን ያቀረበው ይህንን ለመለየት ነበር፦ የተለመደው ውዥዋዤ የቱ ነው፣ ልዩ ምክንያት ያለው ለውጥስ የቱ ነው? ስሌቱ አያስቸግርም። የ12 ወር ቁጥሮችን ወስደው አማካዩን ያውጡ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ወር ከቀደመው ወር ጋር ያለውን ልዩነት (መቀነስም መጨመርም ሳይለዩ) ጽፈው የእነዚህንም አማካይ ያውጡ፤ ይህንን በ2.66 አባዝተው ከአማካዩ ላይ ሲደምሩና ሲቀንሱ ሁለቱን ድንበሮች ያገኛሉ። ብክነታችሁ በአማካይ 4.1፣ ከወር ወር ያለው ልዩነት በአማካይ 0.6 ከሆነ፣ ድንበሮቹ ወደ 2.5 እና 5.7 ይጠጋሉ። እንግዲህ 4.6ም 3.7ም በዚያው ክልል ውስጥ ናቸው፤ ለሁለቱም ማንም የሚጠየቅበት የለም። 6.3 ቢመጣ ግን ያን ቀን ኮት አውልቆ ወደ ማሽኑ መውረድ ነው። ሁሉም በድንበሩ ውስጥ ሆኖ አማካዩ ራሱ የማያስደስት ከሆነ ደግሞ መቀየር ያለበት አሠራሩ ነው፤ አሠራሩን የመቀየር ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ዋና ሥራ አስኪያጁ ያውቃሉ።

ሌላው አሜሪካዊ የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በሥልጠናዎቹ ላይ ይህንን በዶቃ ያሳይ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ቀይ የሆነ ዶቃ በሞላበት ሣጥን ውስጥ ተሳታፊዎች 50 ጉድጓድ ያለው መቅዘፊያ ነክረው ነጭ ዶቃ ብቻ እንዲያወጡ ይታዘዛሉ። አንዱ 7 ቀይ ያወጣል፣ ሌላው 14። ዝቅተኛ ያወጣው «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ይባላል፤ ከፍተኛ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ቦታ ይቀያየራሉ። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቁ የሚቆመው የራሱን የወር መጨረሻ ስብሰባ ሲያስታውስ ነው። (በነገራችን ላይ «ያልለኩትን ማስተዳደር አይቻልም» የሚለው አባባል በስሙ ሲነገር እሰማለሁ፤ ዴሚንግ ግን ይህንን አስተሳሰብ ዋጋ የሚያስከፍል ተረት ብሎ ነው የተቃወመው።)

ጉርሻን በተመለከተ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ለአንድ ቤተሰብ 8 የባንክ አገልግሎት እንዲሸጥ ግብ አስቀምጦ፣ ቅርንጫፎቹን በየቀኑ በኮታ ሲያስጨንቅ ኖረ፤ ሠራተኞቹም ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ ይከፍቱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከ5 ሺህ በላይ ሠራተኞችም በዚሁ ምክንያት ተሰናብተው ነበር። በ2020 ደግሞ ጉዳዩን ለመዝጋት 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ድረስ ያማረ ነበር። የእናንተ የዕቃ ማስረከቢያ ሠራተኛ ያለምንም ጉርሻ ቀን ሲቀይር ከኖረ፣ ደመወዙ ሲታሰርበት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያስቡት።

መልስ 4፦ የዕቅድና ክትትል ኃላፊ

በመልስ 3 ከተባለው አብዛኛው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሚዛናዊው የውጤት ካርድ በአማካሪው ጥፋት አብሮ እንዳይጣል ልከላከልለት እወዳለሁ።

ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሐሳቡን ሲያቀርቡ የተነሡበት ችግር የጠያቂው ችግር ነበር፤ የገንዘብ ቁጥር ብቻውን ትናንት የተደረገውን ይናገራል፣ ነገ የሚሆነውን አይናገርም። ስለዚህ የገንዘቡ ዕይታ እንዳለ ሆኖ የደንበኛን፣ የውስጥ አሠራርንና የመማማርና ዕድገትን ዕይታ ጨመሩበት። በአፈጻጸም ላይ የሚበላሸው ሰዎች አራቱን እንደ አራት ሣጥን ቆጥረው በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት አምስት አመላካች ሲሞሉ ነው። ያኔ 22 የነበረው 20 ይሆናል፤ ቀለሙ ይቀየራል፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል።

ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከታች ወደ ላይ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ሲጻፍበት ነው። ለምሳሌ በእናንተ ዘንድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የማሽን አስተካካዮች ከአንድ የካርቶን መጠን ወደ ሌላ የሚቀይሩበትን ጊዜ ካሳጠሩ፣ ትንንሽ ትዕዛዞችን በታዘዙ ጊዜ ማምረት ይቻላል፤ ይህ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ይከበራል፤ ከተከበረ ደንበኛው ደግሞ ያዝዛል፤ ለመጋዘን ማምረትም ስለሚቀር ገንዘቡ ይመለሳል። ይህ ግምት ነው፤ ሊሳሳት ይችላል። አመላካቾቹ የተሰቀሉት ግምቱን ለመፈተን ነው። የመቀየሪያ ጊዜው አጥሮ ቀኑ ካልተከበረ ሰንሰለቱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያኔ ስብሰባው የሚወያይበት ቁም ነገር ያገኛል። በዚህ መንገድ ከጻፉት አምስት ወይም ስድስት አመላካች ይበቃዎታል።

ከመልስ 3 ጋር የምለያይበት ነጥብ ቢኖር ጉርሻ ፈጽሞ ከቁጥር ጋር አይታሰር የሚል መንፈስ ስላየሁበት ነው። የሽያጭ ሠራተኛ ያለ ኮሚሽን የሚሠራበት ድርጅት ብዙ አላየሁም፤ ሠራተኛውም ድርጅቱ ሲያተርፍ ድርሻ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። እኔ በሠራሁበት ቦታ ጉርሻው በድርጅቱ አጠቃላይ ውጤት ላይ ብቻ እንዲሰላና ለሁሉም በደመወዙ መጠን እንዲከፋፈል ተደርጎ ነበር። ሰነፉም ትጉሁም እኩል አገኘ የሚል ቅሬታ ተነሥቷል፤ ቅሬታው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ቁጥር የሚያሳምር ሰው አልነበረም።

መልስ 5፦ ጀማሪ ተቆጣጣሪ

ከታች ካለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋር 30 የሚሆኑ ቅጾች በየሳምንቱ ይሞላሉ። ከሞላኋቸው ቁጥሮች ውስጥ ስለ አንዱ እንኳ ተመልሶ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ፣ አንዳንዴ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር በጥቂቱ ለውጬ እጽፋለሁ። ጠያቂው ከ22ቱ ውስጥ ባለፈው ዓመት አንድ ውሳኔ ያስለወጡት ስንቶቹ እንደሆኑ ቢቆጥሩ መልካም ነው።

ካርቶን አምራች (ጠያቂው)

መልስ 5 ላይ የቀረበውን ምክር ተቀብዬ ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው። ለሌሎቹ 18 በየወሩ ስብሰባ ተቀምጠን ቀለም ስናይ ነበር።

ቦርዱ ትናንት ተሰብስቦ ነበር። 68 በመቶውን ሳቀርብ አንድ አባል ተቆጥቶ «ታዲያ እስካሁን ስትዋሹን ነበር?» አለ፤ እኔም ከመከላከል ይልቅ የተቀየሩትን 41 ትዕዛዞች ዝርዝር አንድ በአንድ አነበብኩለት። ከረጅም ክርክር በኋላ የጉርሻው ጉዳይ ለስድስት ወር እንዲቆይ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስድስት አመላካቾችን ብቻ በቁጥጥር ሰንጠረዥ እንድንከታተል ተወሰነ። እነሱም የመጀመሪያውን ቃል በሙሉ መጠን መፈጸም፣ የክምችት ቀናት፣ የተሰብሳቢ ቀናት፣ የማሽን መቀየሪያ ጊዜ፣ ብክነት፣ እንዲሁም በዓመት ውስጥ ደግመው ያዘዙ ደንበኞች ብዛት ናቸው። የማሽን አጠቃቀም ከግድግዳው ላይ ወርዷል። የምርት ኃላፊው ደስ አላለውም፤ ያንን ቁጥር ከ71 ወደ 93 ለማድረስ ሁለት ዓመት ደክሞበታል፤ እውነቱንም ነው፤ ያስደከምኩት እኔ ነኝ።

እስካሁን ያልወሰንኩበት አንድ ነገር የሽያጭ ሠራተኞች ኮሚሽን ነው። አሁን የሚከፈላቸው ደረሰኝ በተቆረጠበት ወር በሽያጩ መጠን ነው። ይህንን ካልነካሁ ተሰብሳቢው አይወርድም፤ ከነካሁት ደግሞ ጥሩዎቹ ሊሄዱብኝ ይችላሉ። ከሂሳብ ክፍል የመጡት ወዳጃችን ምን ይላሉ?

ከሂሳብ ክፍል

ኮሚሽኑን ደረሰኝ ሲቆረጥ ሳይሆን ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ይክፈሉ። መጠኑን ግን አይቀንሱባቸው፤ እንዲያውም በ30 ቀን ውስጥ ለሚሰበሰበው ጥቂት ከፍ ቢያደርጉት ቅሬታው ይበርዳል። ሽግግሩን በአንድ ጊዜ ካደረጉት ሠራተኛው ለሁለት ወር ያህል ኮሚሽን ሳያገኝ ይቆያል፤ ያኔ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግማሹን በደረሰኝ፣ ግማሹን በክፍያ ያድርጉት።

እዚህም ላይ ጥንዱን አይርሱ። ኮሚሽን በተሰበሰበ ገንዘብ ሲታሰር ሻጩ ቶሎ ለሚከፍል ደንበኛ ቅናሽ መስጠት ይጀምራል። ከተሰብሳቢ ቀናት አጠገብ የተሰጠውን አማካይ ቅናሽ ይጻፉ፤ ከተወሰነ መቶኛ በላይ የሆነውንም ያለ እርስዎ ፊርማ አያስወጡ።

እርጥበት የመታቸውን ካርቶኖች ደግሞ ሳይዘገዩ ከክምችት ዋጋ ላይ ይቀንሷቸው። የዚህን ሩብ ዓመት ትርፍ ይበላዋል፤ ቦርዱ የተቆጣበት ወር ላይ ቢሆን ይሻላል።